ቦዲው ሐይቅ፣ ሌንሱ ደብረ ብርሃን

ሐይቅ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለሌንሱ ባለቤት ለሀብተ ጊዮርጊስ፤

እንደምን ከርመሃል? ሠርክአዲስስ እንዴት ናት? ሆዷስ ገፋ? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትህ በስተቀር» ብዬ እንድቀጥል ከጠበቅክ ተሳስተሃል፤ የናፈቀኝ ሌንሱ ነው። አንተንማ መስታወት ፊት ቆሜ አፌን ባጣምም አገኝሃለሁ።

ጦርነቱ ሐይቅ የገባ ዕለት ሰው ሁሉ ያገኘውን ይዞ ሲሮጥ፣ አንተ ሃምሳ ሚሊሜትሩን ሌንስ በነጠላ ጠቅልለህ ከሚስትህ ጋር ወደ ደሴ ወጣህ፤ እኔ ሌንስ አልባውን የካሜራ ቦዲ ታቅፌ ወደ አምባሰል ሸሸሁ። ድሮም ሌንሱን አንተ፣ ቦዲውን እኔ ገዝተን ፎቶ ቤት ስንከፍት ሰዉ ስቆብን ነበር፤ «አንዲት ላም ገዝተው አንዱ አንገቷን፣ አንዱ ጡቷን ተካፈሉ» እያለ። ይኸው አንገቷ ደብረ ብርሃን ገባ፣ ጡቷ ሐይቅ ቀረ።

ቦዲው እንዴት እንደተረፈ ጠይቀሃል። እናትህ ናት ያተረፈችው። ከውጫሌ በላይ ያለውን ዳገት ጨርሼ ደጇ ስደርስ እማ ወይኒቱ «ምን ታቅፈሃል?» አለችኝ። «ሕፃን ነው» አልኳት። ተቀበለችኝና ዳበሰችው። «ይኼ ሕፃን ጥርስ አብቅሏል» ብላ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው። ቤቱ ሲፈተሽ ሁለቱን ጆንያ ወሰዱ፣ የኛን ተዉት። እሷ ተአምር ነው ትላለች፤ እኔ ቦዲው ከብዷቸው ነው እላለሁ። አሁን ውስጡ እብቅ ገብቶበት ሰማይ ባነሳሁ ቁጥር ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። የሐይቅን ሰው ሁሉ ዝንብ የሚከተለው አስመስሎብኛል።

ፎቶ ቤታችን በሩ አለ። መስታወቱ የለም። ፕሪንተሩ፣ ፍላሹ፣ ያ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃችንም የለም። መጋረጃውን የወሰደው ሰው ይኸኔ የትም ይሁን የት ፏፏቴ ሥር ቆሞ ይሆናል። ከመሳቢያ ውስጥ የተረፈልኝ ያ የሻገተው ዙም ሌንስ ብቻ ነው። የዘረፉን ሰዎች ሌንስ ያውቃሉ።

መብራትም ኔትወርክም ገና ናቸው። ባትሪውን ሹፌሩ ሰላሀዲን ከአይሱዙው ላይ ይሞላልኛል፤ ይህን ደብዳቤም ያመጣልህ እሱ ነው፤ ምሳ ጋብዘው፣ ብዙ ይበላል።

ስለ እማ በደብዳቤህ መጀመሪያ ጠይቀሃል፣ መሀል ላይ ጠይቀሃል፣ ከፊርማህ ሥርም ደግመህ ጠይቀሃል። ፎቶዋን በሚሞሪው ልኬልሃለሁ፤ በፕላስተር ከወረቀቱ ጋር አጣብቄዋለሁ። ደጇ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ ነው። በማን እንደምትስቅ አልነግርህም።

ያንተው ቦዲ፣
ባድሩ


ደብረ ብርሃን
ጥር 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለባድሩ፤

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ጊዜዬ ግን ጠባብ ነውና በአጭሩ ተቀበለኝ። ሠርክአዲስ በገና ማግስት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ አንተን ይመስላል፤ ያለ ምክንያት ይጮኻል።

ሰላሀዲን ሥራ ማግኘቴን ነግሮህ ከሆነ እውነቱን ነው። እዚህ አንድ ፎቶ ቤት ገብቻለሁ። ባለቤቱ አዲስ ቦዲ አለው። መጠለያችን ውስጥ ባለችው በአንዲቷ አምፖል ልጄን ያለ ፍላሽ አነሳሁት፤ ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል። ያንተ ቦዲ ቢሆን ለጨለማው አይሶውን ስጨምርበት ልጁ ላይ ጤፍ ይዘራበት ነበር። በድሮው «ሌንስ ይበልጣል፣ ቦዲ ይበልጣል» ክርክራችን እስከዚህ ድረስ ተረታሁልህ፤ ቦዲም ሥራ አለው። ግን በዚያው ቦዲ ላይ የሰውየውን ርካሽ ዙም ሰክቼ ሞከርኩት። ገንፎን በሰፊ ሳህን ብታቀርበው ያው ገንፎ ነው። ሃምሳዬን መልሼ ስሰካ ነው ልጄ ልጅ የሆነው። ሰውየው የቀጠረኝም ለሌንሴ ብሎ ነው፣ አልደብቅህም። ፎቶውን አሳጥቤ ለእናቴ ልኬዋለሁ፤ በእጅህ ስጥልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የላክልኝን የእናቴን ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ ከፈትኩት። ከኋላዋ ያለው ቁልቋል ደብዝዞ ቅቤ ሆኖ ቀልጧል። የሻገተ ዙም እንዲህ አያቀልጥም። ይህን የሚያቀልጠው ሃምሳው ነው፤ ሃምሳው ደግሞ ከሸሸን ጀምሮ ያለው ከኔ ጋር ነው። ደግሞ ቦዲህ ራሱ መስክሮብሃል፤ ፎቶው የተነሳበትን ቀን ጽፎ አስቀምጦታል። የፈረንጁን ቀን ወደኛ ስመልሰው የመስቀል ዕለት ሆነ። ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ የምትስቀውም በኔ ነው።

ለምን አሮጌ ፎቶ ላከልኝ ስል ሌሊቱን አልተኛሁም። ያን ሰሞን ደጇ ተቀምጣ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ አይቻት ነበር። ክሩን ከመርፌው አጠገብ አየር ውስጥ ትወጋለች። «እርጅና ነው፣ አትየኝ» አለችኝ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሁሉን ረሳሁት። ባድሩ፣ የእናቴ ዓይን እንዴት ነው? መምጣት አልችልም፤ ሠርክአዲስ አራስ ናት፣ እዚህ ከኔ በቀር ውኃ የሚያቀብላት የለም። አዲስ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቀልድህን ለአንድ ቀን ሐይቁ ውስጥ ጣለው።

ሀብተ ጊዮርጊስ


ሐይቅ
ጥር 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአባወራው ለሀብተ ጊዮርጊስ፤

እንኳን ማርያም ማረቻት። ሠርክአዲስን በኔ ስም ሳማት፤ አንተ ስትስማት ቅር ካላት የኔ ነው በላት። ለልጁ እማ ስም አውጥታለታለች፤ ትዕዛዙ በሉት ብላለች። እኔ «ሃምሳ» ይባል ብዬ ነበር፣ አልሰማችኝም።

«ዋሸኸኝ» ማለትህ ነው። ደብዳቤዬን መልሰህ አንብበው። «ፎቶዋን ልኬልሃለሁ» አልኩ እንጂ «አዲስ ነው» አልኩ? ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንተ አንዴ ብቻ ስለተማርከው ያመለጠህ አለ። ቢሆንም አፉ በለኝ። የቦዲዬ አፍ እንደማይዘጋ ረስቼው ነው።

ይኸው አዲሱ። ትናንት ዳገቱን ወጥቼ አነሳኋት። ደጇ ላይ ናት፣ አረንጓዴውን ሻሿን አስራለች፣ ፀሐይዋ ከኋላዋ ናት። ፊቷ ጉም ውስጥ ያለ ከመሰለህ በኔ አትፍረድ፤ የዙሙን ሻጋታ ታውቀዋለህ፣ ፀሐይ ሲያይ ሁሉን ሰው ነጭ ሻሽ ያለብሳል። ባለፈው ሳምንት ከእስጢፋኖስ አንድ ዲያቆን መጥቶ ጉርድ ፎቶ አነሳሁት። ፎቶውን አይቶ «ወንድሜ፣ እኔ ገና ምኑን ጸድቄ ነው ብርሃን የከበበኝ?» አለኝ።

ግን ይህንን ዙም አትናቀው፤ እንጀራዬ እሱ ነው። አሳ ሻጩ ኸሚስ «ካላማርኩ አልከፍልም» እያለ ሲያስቸግረኝ፣ ዙሙን እስከ መጨረሻው አስፍቼ አሳውን ወደ ሌንሱ አስጠግቶ እጁን እንዲዘረጋ አደረግኩት። አሳው ጥጃ አከለ። ኸሚስ ከኋላው አሻንጉሊት ሆነ። ፎቶውን ይዞ ገበያውን ሲዞር ዋለ፤ አሁን ሰዉ «ያን ትልቁን አምጣ» እያለ ትንሹን አልገዛ ብሎታል። በድንጋይ ይፈልገኛል።

የልጁን ፎቶ ለእማ ሰጥቻታለሁ። በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ስለ ዓይኗ የምጽፍልህ የለኝም። ከዘራዋ ግን ደህና ነው፤ ስፎግርባት ሰንዝራ ጉልበቴን አልሳተችውም።

ያንተው፣
ባድሩ


ደብረ ብርሃን
የካቲት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ባድሩ ወንድሜ፤

አይደለም፣ አልተቆጣሁም። ሰላሀዲን «ደብዳቤውን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ» ብሎ ከነገረህ ብርዱ ነው በለው። ደብረ ብርሃንን የማያውቅ ሰው ብርድንና ቁጣን አይለይም።

ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ጉሙ የሻጋታው ነው፣ አምኛለሁ። ግን ሻጋታ ያለበት ሌንስ ይዞ ሰውን ለፀሐይ ጀርባ አሰጥቶ የሚያነሳ ባለሙያ የለም። አንተ ደግሞ ዋዘኛ ነህ እንጂ ሞኝ አይደለህም። ጉሙን ፈልገኸው ነው።

ያ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሌላም ነገር አየሁ። እናቴ ወደ ሌንሱ አላየችም። ካሜራውን ደረትህ ላይ አድርገህ እያወራሃት እንዳነሳሃት ገባኝ፤ እሷ ያየችው ከሌንሱ በላይ ነው፣ አፍህ ወዳለበት። ወደ ድምፅህ ነው ያየችው ባድሩ። ሰው ወደሚሰማው ነገር የሚያይበት አስተያየት አለ፤ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ሃምሳውን ልኬልሃለሁ። በልጁ መታቀፊያ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ጨርቁን እናቴ ጋ ተወው፣ ልጁን ይሸታል። በዚህ ሌንስ አንሳት። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ትሁን፣ ቅረባት፣ ፎከሱን ዓይኗ ላይ አድርገው። ያለውን ሁሉ ማየት እፈልጋለሁ።

ባለ ፎቶ ቤቱ «ያለ ሌንስህ ምን ትሠራልኛለህ?» ብሎኛል። ወረቀት እቆርጣለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ አልኩት። አንተ በዚህ አታስብ።

ሀብቴ


ውጫሌ
የካቲት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀብቴ፤

ዛሬ የምጽፍልህ ከውጫሌ ነው፤ ከእማ ዘንድ ወርጄ ሰላሀዲንን እየጠበቅኩ ነው። ሚሞሪው አብሮ አለ። መጀመሪያ ደብዳቤውን ጨርሰህ አንብብ፣ ከዚያ ፎቶውን ክፈት። ለአንድ ጊዜ እሺ በለኝ።

ስማ። ያን ሰሞን እሷ ቤት ተጠልዬ ሳለሁ አስምላኛለች። «ለሀብቴ በአፍህ እንዳትነግረው፣ በእጅህ እንዳትጽፍለት፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ ይመጣብኛል» አለች። እኔ እንደ ልማዴ «እሺ፣ እሺ» ስላት «እሺህን አላምነውም፣ በናንተ ማል» አለችኝ። ወላሂ አልኩ። በሕይወቴ የማልቀልድበት አንድ ቃል ቢኖር እሱ ነው፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ሌባ ናት እናትህ።

በሻገተው ዙም ሳነሳት «ይታያል?» አለችኝ። «አይታይም» አልኳት። «እንግዲያው አንሳ» አለች። ፀሐይዋንም ወደ ኋላዋ ያዞርኩት ለዚያ ነው። መሐላዬን ጠበቅኩ፤ ግን እንድትጠረጥር ብዬ ካሜራውን ከደረቴ ላይ አላነሳሁም። ካወቅክልኝ አውቀህልኛል፤ ካላወቅክልኝም እኔ የለሁበትም ብዬ ነበር።

ሌንሱን ይዤላት ስሄድ ጨርቁን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።  ከዚያ እንዲህ ተባባልን።

«እማ፣ ይኼ ሌንስ እንደ ዙሙ አይደለም። ይናገራል።»

«ምን ያህል?»

«ያለውን ሁሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ምሏል አፌ። ሌንሱ ግን አልማለም።»

ሳቀች። «ይኼን ሰይጣናዊ ነገር መድረሳ ነው ያስተማሩህ?» አለችኝ። ከዚያ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች። «የት ልይ?» አለችኝ። «ወደዚህ» ብዬ ሌንሱን በጥፍሬ መታ መታ አደረግኩት። ወደ መታሁት ቦታ ቀጥ ብላ አየች። ያኔ አነሳኋት።

ፎከሱ ዓይኗ ላይ ነው። እንዳልከኝ አድርጌያለሁ። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ነጩ ይታይሃል፤ በቀኙ ወፍሯል፣ በግራው ገና ነው። ሃምሳህ አንዲት ነገር አልደበቀም። በሕይወቴ እንዲህ የጠራ ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ እንዲህ የጠላሁትም የለም።

ሲያልቅ «በል አሁን ጻፍለት፣ ምን ቀረ» ብላ መሐላዬን ፈታችልኝ። እኔ ግን ለማንኛውም ለመሐላው ማካካሻ ሦስት ቀን እጾምለታለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ያኔ የትዕዛዙን ፎቶ ስሰጣት የሳመችው ጀርባውን ነበር፣ ነጩን። ገልብጬ በእጇ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ደብዳቤዬ ይህን ዘልዬዋለሁ።

አሁን አታልቅስ፣ ወይም አልቅስና ቶሎ ጨርስ። ጠይቄያለሁ፤ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል። በመጋቢት ለዓይን ዘመቻ ደሴ ሐኪሞች ይመጣሉ ተብሏል። እሷ ግን «በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔን አላስነካም» ብላ አሻፈረኝ ብላለች። ጽፈህ ለምናት። አንብቤላት አለቅሳለሁ፤ ማልቀስ እችልበታለሁ።

ባድሩ


ደብረ ብርሃን
የካቲት 25 ቀን 2014 ዓ.ም.

ባድሩ፤ ይህን ለእናቴ ጮክ ብለህ አንብብላት፤ ከራስህ አትጨምር።

እማዬ፣ አራስ ጥዬ አልመጣሁም። ሠርክአዲስ ግን ፎቶሽን ካየች ጀምሮ «ሂድ» እያለች ትገፋኛለች፤ አንቺ ደግሞ «አትምጣ» ትያለሽ። በሁለታችሁ መሀል ቆሜ ወለል እጠርጋለሁ። አንዳችሁን እሺ እንድል እርጂኝ። ደሴ ሂጂ። ለኔ ብለሽ አይደለም። ትዕዛዙ ሲያድግ የአያቱን እጅ ይዞ ገደሉን እንዲያሻግር አላሳድገውም፤ እሷ ይዛው ነው የምትሄደው። ሻሽሽ ፎቶው ላይ በጣም አምሮብሻል።

ባድሩ፣ ከዚህ በታች ያለውን አታንብብላት። ለወንድምነትህ ቃል የለኝም። አሮጌውን ፎቶ የላክኸው ግን መቼም አይረሳልህም፤ እስክትሞት ስፎግርህ እኖራለሁ።

ሀብቴ


ሐይቅ
መጋቢት 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለሌንሱ ባለቤት፤

የታችኛውንም አነበብኩላት። ይቅር በለኝ፤ ማቆም አልቻልኩም።

ከደሴ ከተመለስን ዛሬ ሳምንታችን ነው። ወደ ደሴ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ የዘይት ጀሪካኗን ቦርሳዬ ላይ አስቀመጠችና የሃምሳህን ሞተር ገደለችው። ሌንሱ ደህና ነው፤ ፎከሱን ራሱ ማዞር ግን አይችልም፤ እንደ ድሮው ቀለበቱን በእጅ ነው የሚያዞሩት። ሴትዮዋን አትርገም፤ ለእማ ብርቱካን ልጣ ያበላቻት እሷ ናት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «ሞራውን አውጥተን ቦታው ላይ ሌንስ እናስገባላቸዋለን» አለኝ። «ዙም አለው?» አልኩት። «የለውም» አለኝ። «ሻጋታ ይይዘዋል?» አልኩት። ነርሷን ጠርቶ «ይህንን ሰውዬ ውጭ አስቀምጪልኝ» አለ። ውጭ ተቀምጬ አሰብኩበት፤ የእማ ቦዲ ያው የድሮው ነው፣ እብቁም ጤፉም ያለበት፣ ስንት ክረምት የወረደበት። የቀየሩላት ሌንሱን ብቻ ነው። ክርክራችንን አሸንፈሃል፤ ይህችን ደብዳቤ ግን ለሰው እንዳታሳይ።

የሠሩላት ቀኙን ነው፤ ግራውን ለሚቀጥለው ዘመቻ አሉን። ፋሻው ሲፈታ ምን አደረገች ብለህ ጓጉተህ ይሆናል። ግድግዳ ግድግዳውን አየች፣ እጇን አገላብጣ አየች። ከዚያ ከደረቷ ያን ፎቶ አውጥታ ስታየው እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ኩኪ ልገዛ ነው የወጣሁት፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

ትናንት ዳገቱን ወጥቼ ቤቷ ሄድኩ። ካሜራውን ስታይ «አምጣው እስቲ» አለችኝ። «እማ፣ ሞተሩ ሞቷል፣ በእጅ ነው» አልኳት። «እጅ የለኝም?» አለችኝ። አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩላትና ቀለበቱን በጣቷ አስያዝኳት። ደጇ ካለው ዛፍ ሥር ቆምኩላት። ቀለበቱን ወዲህ ታዞራለች፣ ወዲያ ታዞራለች፣ አታነሳም። እግሬ ደነዘዘ።

«እማ፣ በቃ ተጫኚው።»

«ቆይ፣ አልጠራህም።»

«እኔ ሲፈጥረኝም አልጠራሁም፣ ተጫኚው።»

«ዝም በል፣ አፍህ ሲንቀሳቀስ ይበላሽብኛል።»

ዝም አልኩላት። ኋላ አነሳችኝ። ሚሞሪው ከዚህ ጋር አለ፤ አንድ ፎቶ ነው የላክሁልህ። ስትከፍተው ትስቃለህ፤ ግማሽ ራሴ ተቆርጧል፣ ዛፉ ወደ ውጫሌ ሊወድቅ ነው፣ የእሷም ጣት ጥግ ላይ ገብቷል። ከዚህ የባሰ ፎቶ በፎቶ ቤታችን ተነስቶ አያውቅም። አንተ ግን ስቀህ ስትጨርስ አጉላው፤ የሸሚዜ ሁለተኛ ቁልፍ ላይ ሂድ። በቀይ ክር የተሰፋ ነው፣ የክሩ ጫፍ ወጥቷል፣ ከጫፉም ላይ አንዲት ጉንዳን አለች፤ እግሯ ይቆጠራል።

ፎከሱን ያዞረችው እሷ ናት።

ባድሩ